ላጲስ ከኪሳቸው የማይለይ ሰው

ዊኒዬ፣ ነይ እዚህ ተቀመጪ፤ ከበሩ ራቅ በይ፣ ብርዱ ወገብሽን ይይዝሻል። እኔማ ዝናቡ ካላቆመ አልወጣም ብዬ ነበር። በኋላ ግን፣ ዓመት ጠብቆ የሚመጣ የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ፣ ያውም በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ እንዴት ይቀራል? ይህቺን ስኮን ዳቦ በጃም ቅመሻት እስቲ። የቄሱ ሚስት ናት የጋገረችው፤ ዘንድሮ እንኳ ጥርስ አትሰብርም።

ምን ገዛሽ? አሳዪኝ... ውይ፣ ጀርባው ቆዳ! የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ሃያስያን እኮ አንድ ልብ ወለድ ሲተቹ ከልብ ወለዱ ይረዝማሉ። ባለቤቴ ኦስዊን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "እነዚህ ሰዎች በቃ የምትላቸው ሚስት አልነበረቻቸውም?" ይል ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ከእነሱ ጋር ሲጣላ ኖረ። ታስታውሺው የለ? ከባቡር ጣቢያው ትኬት ቢሮ ይመጣና፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ እርሳሱን ይዞ ቁጭ ነው። የእነሱን ትችት የያዙትን አሥራ ሁለቱንም ቅጾች ዳር ዳራቸውን በጽሑፉ ሞልቷቸው ሞተ።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? በዚያኛው ጠረጴዛ ጋዜጣ የገለጡትን ሰውዬ እንዳልረብሻቸው... አይዞሽ፣ የማንንም ስም አላነሳም። ስለ አንድ ጨዋ ሰው ነው የማጫውትሽ።

ጨዋ ናቸው ስልሽ! በንባብ ማኅበራችን እንደሳቸው መጽሐፍ የሚያከብር ማን አለ? እጃቸውን ሳይታጠቡ አይነኩትም። መደርደሪያቸውን አይተሽዋል? አንዱ ከሌላው ወጣ ብሎ አይታይም፤ አንድም ገጽ የተነበበ አይመስልም። ለነገሩ ምን ብለው ያንብቡት... ማንበብ እኮ ያቆሽሻል። ደስ ሲሉ!

አምና በሚያዝያ፣ ማኅበሩ ሃምሳ ዓመት ሲሞላው፣ ለኤግዚቢሽኑ ብለው ከኦስዊን መጻሕፍት አራቱን ተዋሱኝ። አበባ ይዘው መጡ፣ ዊኒ! ኦስዊን ከተቀበረ ገና አራት ወሩ፤ እኔም አበባ ይዞ የሚመጣ ሰው አግኝቼ... ሰጠኋቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሱልኝ፤ በነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ። "ሚስዝ ኦልድሮይድ፣ የእርሳሱን ጽሑፍ በሙሉ አጥፍቼልዎታለሁ፤ አሁን ለብርቅዬ መጻሕፍት ሰብሳቢ የሚሆን መሰለ" አሉኝ። በሙሉ! እንዲህ ያለ ትጋት ከየት ይመጣል? የገዛ ሥራቸውን ትተው፣ ለስላሳ ላጲስ ይዘው፣ መስመር በመስመር፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ገጽ! እኔ ፍራሽ ሳገላብጥ እንኳ ትንፋሼ ያጥረኛል።

ኧረ ምን ቅር ይለኛል? ምን ነበረበትና? መቶ ዓመት የሞላውን ሙት ሃያሲ "ተው አንተ ሰውዬ፣ አልገባህም!" የሚል ነው። "ይህን ሳነብላት ሂልዳ ሳቀች" እያለ እኔን የሚያነሳ ነው። "ሂልዳ ሾርባው ቀዘቀዘ እያለች ነው፣ ይህቺን ምዕራፍ ልጨርስ" የሚል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ ሳንባ ምች ይዞኝ በተኛሁ ጊዜ፣ "ዛሬ ትኩሳቷ በረደ፤ ፊደሉም አልታየኝ" የሚል... ቆሻሻ እኮ ነው። የሰው ዓይን ፊት ይቀርባል እንዴ?

አንድ ነገር ልንገርሽ። ገጹን ወደ መስኮቱ አጋድመሽ ብትይዢው፣ ኦስዊን ተናዶ የጻፈው እስከ ዛሬ ይነበባል። ሲቆጣ እርሳሱን ይጫነው ነበር፤ ወረቀቱ ጎድጎድ ብሏል። ስለ እኔ ሲጽፍ ግን እጁ ቀላል ነበር። ያኛው ጽሑፍ የለም። ጠዋት በፀሐይ፣ በማጉያ መነጽር፣ ጣቴን እያስኬድኩ ፈልጌዋለሁ። የለም። አለቀስኩ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ... ሻይሽን ጠጪ እንጂ።

ሰው አክባሪነታቸውስ! ትናንት ደብዳቤ ጻፉልኝ። የቀሩት ስምንቱ ቅጾች በእሳቸው እጅ ጸድተው፣ አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው፣ በማኅበሩ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጡ ምን ይመስለኛል? ዛሬ ከሻይ በኋላ እንድፈርም ብዕር እንኳ ይዘውልኝ መጥተዋል። ያው በደረት ኪሳቸው ይታያል። ከጎኑ ደግሞ ያቺ ነጭ ነገር... አታፍጪባቸው፣ ነውር ነው! እንዴት ያለ ጋዜጣ ቢሆን ነው ግን፣ ገጹን ካዞሩ ሩብ ሰዓት አለፋቸው።

እኔ ግን እንዲህ ያለ ሸክም በደህና ሰው ላይ አልጭንም። ስምንት ቅጽ ሙሉ ቁጣና ሾርባ! ክንዳቸው ይዝላል። ስለዚህ ዊኒዬ፣ ከወንበርሽ ሥር ያለውን ሳጥን ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ። አዎ፣ ስምንቱም እዚያ ናቸው። የስጦታ ወረቀቱንም ጠዋት በስምሽ አድርጌ ፈርሜዋለሁ። ምን ያስደነግጥሻል? አንቺ እየበላሽ የምታነቢ፣ ጣትሽን ልሰሽ ገጽ የምትገልጪ፣ ጃም የምታንጠባጥቢ ሴት ነሽ፤ ኦስዊን ለዚህ ነበር የሚወድሽ። አንብቢያቸው። ያልተስማማሽ እንደሆነ ከሱ ጽሑፍ ሥር ልክ ልኩን ንገሪው። እርሳሱን ግን በደንብ ተጫኚው።

ሊሄዱ ነው መሰለኝ፣ ኮታቸውን አነሱ... ዝናቡ እኮ አላባራም፣ ምስኪን። እንግዲህ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ከልቤ ነው። መቶ ዓመት ይኑሩ። ከመቶ ዓመት በኋላም፣ ንጽሕናን እንዲህ ለሚወድ ሰው ሌላ ምን ይመኙለታል... ስለ እሳቸው አንዲት መስመር ጽፎ ወረቀት የሚያቆሽሽ ሰው አይዘዝባቸው።

አሜን በይ እንጂ፣ ዊኒዬ።