በተገጠመ አፍ የሚወጡት ደረጃ

ዝናብ አባሮኝ ከዱቄት መጋዘኑ ደጃፍ ስጠለል አጎቴን አገኘኋቸው። ከሩቅ አገር ትምህርት ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ ስፈልግ እንጂ ዘመድ ስጠይቅ አልዋልኩም፤ አፈርኩ። እሳቸው የተሸካሚዎቹ አለቃ ናቸው። ሰዎቹ “ሳንባው” ይሏቸዋል።

ከውስጥ ተሸካሚዎች ጆንያ በትከሻቸው አድርገው ወደ ፎቁ ይወጣሉ። አፋቸውን ገጥመው፣ ትንፋሻቸውን አምቀው ነው። ከደረጃው ጫፍ ሳይደርስ የተነፈሰ ተራው ያልፈዋል። ደንቡን ያወጡት አጎቴ ናቸው።

“ነገ ታናሹ ይጀምራል” አሉኝ። ልጃቸውን ነው። ክው አልኩ፤ ታላቅየው ባለፈው ክረምት ከዚሁ ደረጃ ወድቆ ሞቷል።

“እባክዎ አጎቴ፣ እሱ እንኳ እየተነፈሰ ይውጣ።”

“ምነው? ትንፋሽ እኮ ጉልበት ነው። ጉልበቱን በአፉ የሚያፈስ ምን ይሸከማል? ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩህ ማለክለክ ነው?”

“ሲተኙ ትንፋሽዎን ማን ይጠብቅልዎታል?”

“ፈጣሪ ነዋ!”

“እሱ ባቆመው ዘበኛ ነው። ከማጅራትዎ በላይ፣ አንጎል ከአከርካሪ በሚጋጠምበት ቦታ ተቀምጦ አያንቀላፋም። በደም ውስጥ የተቃጠለ አየር ሲበዛ ‘አስወጣ’ ይላል፤ ሲያርፉ በዝግታ፣ ሲሠሩ በጥድፊያ። እንዲያውም አንጎል እግርን ‘ተነሣ’ ሲል ትንፋሽንም አብሮ ያዘዋል፤ ደሙ እስኪጮህ አይጠብቅም። ማለክለክ ስንፍና አይደለም።”

“እኔ ግን ይኸው ስይዘው ይያዝልኛል። ከዘበኛው ጌታው አይበልጥም?”

“ለጥቂት ጊዜ ይታዘዝልዎታል። ከባድ ሸክም ይዞ ትንፋሹን የሚያምቅ ሰው ግን ደረቱ ይታፈናል፤ ወደ ልቡ የሚመለሰው ደም ያንሳል፤ አንጎሉም ደም ያጥረዋል። ዓይኑ ይጨልምና…”

እዚህ ላይ ምላሴን ያዝኩ። መማር ማስረዳትን ሰጥቶኛል፤ የት ማቆም እንዳለብኝ ግን አላስተማረኝም።

አጎቴ ደረጃውን ሽቅብ አዩት። “አዳለጠው ብዬ ነበር” አሉ በመጨረሻ። “ግን ከመውደቁ በፊት ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ አየኝ። ‘አይዞህ፣ አፍህን እንዳትከፍት’ አልኩት።”

“አዳልጦትም ሊሆን ይችላል፤ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም።”

“አሁን ነው የምትጠራጠረው?” አሉኝ።

ከዚያም ወደ ውስጥ ዞረው ጮኹ፦ “ተንፍሱ! ሁላችሁም ተንፍሱ!”

“ሳንባው ዛሬ ቀምሰዋል እንዴ?” አለ አንዱ ከጆንያው ሥር። ማንም አልሳቀም።

ደንቡ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቀረ። ዛሬ ተሸካሚው ጆንያውን ሲያነሣ ይተነፍሳል፤ ከደረጃው መሐል ላይ አረፍ ይላል፤ ራሱን ያዞረው ሸክሙን ቢያወርድ ተራውን አያጣም። ሥራው አልጓተተም፤ እንዲያውም እየተንገዳገደ የሚወርድ ሰው አላየሁም። ሰው የምታሠሩ ሁሉ፣ የሚያለከልከውን አትገሥጹት፤ አንጎሉ በሕይወት ሊያቆየው እየደከመለት ነው።

ታናሹም ይሸከማል፤ ማታ በደኅና ቤቱ ይገባል። እያለከለከ በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ግን አጎቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ።