የድንበሯ ቢራቢሮ

ዘንድሮ አንዲት ቢራቢሮ ዱላ ልታስቀምሰኝ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ እስቴ ወረዳ ውስጥ አንድ አፈሩ ነጭ የሆነ ኮረብታ ላይ ሆኜ በስልኬ ስቀርጻት ድንጋይ ላይ አረፈች። ጥላ ስለሆነባት ድንጋዩን ወደ ፀሐይ ገፋ ሳደርገው ብር ብላ ሄደች። ቀና ስል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ድንበሬን ትገፋለህ?»

ለካ የገብስ ማሳቸው የድንበር ድንጋይ ኖሯል። «አባቴ፣ ቢራቢሮ ሳይ ነው» ብል ማን ያምነኛል? የቀረጽኩትን ከፈትኩላቸው። ቢራቢሮዋ ክንፏን ስትዘረጋ ድንጋዩ ከነቦታው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዱላቸውን አስቀምጠው፣ ስልኩን እያዩ ድንጋዩን መልሰው ተከሉት።

«ይህን እንዳታጠፋው» አሉኝ። «ጎረቤቴ ድንጋዩን የነካ ቀን አንተም ቢራቢሮዋም ትመሰክሩልኛላችሁ።»