አራት ቁርጥ

ጅቡቲ፣ ከሙሻ ደሴት ማዶ፣ ረፋድ ላይ፤ ሦስት ፈረንጆች የውሃ መነጽርና የመተንፈሻ ቧንቧ አጥልቀው ከዶልፊኖች ጋር ይዋኛሉ፤ ጀልባዋ ላይ ነጂው መርዕድና ገና ከውሃ የወጣችው አስጎብኚዋ ትርሲት ተፋጠዋል።

መርዕድ፦ ቁልፉን ስጪኝ አልኩሽ!

ትርሲት፦ አልሰጥም። ሰው ውሃ ውስጥ እያለ ሞተር አይነሳም።

መርዕድ፦ ዶልፊኖቹ እየራቁ ነው፣ አይታይሽም? አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ከብቤ ልመልስላቸው። እነዚህ ሰዎች ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት ባዶ ውሃ ሊያዩ ነው?

ትርሲት፦ ጋሼ መርዕድ፣ ትናንትም እርስዎ እንዲሁ ከበቧቸው። የዶልፊኗን ግልገል ምን እንዳደረጉት አሁን ከሥር አይቼው መጣሁ። ጀርባው ተተልትሏል። እናቱ በአፍንጫዋ እየገፋች ነው ለትንፋሽ ወደ ላይ የምታወጣው።

መርዕድ፦ ለአንድ ዓሣ ነው እንዲህ የምትንጨረጨሪው? አምጪ!

ትርሲት፦ እጄን ልቀቁኝ!

መርዕድ፦ ቀስ! ፈረንጇ ቀና አለች። ፈገግ በይ። በሌላው እጅሽ አውለብልቢላት።

ትርሲት፦ እያውለበለብኩ ነው። ልቀቁኝ፣ ሊሰበር ነው።

መርዕድ፦ እሰብረዋለሁ! ጎሽ፣ ጭንቅላቷን መልሳ ነከረች። አሁን ቁልፉን!

ትርሲት፦ ማርያምን፣ ባሕር ውስጥ እወረውረዋለሁ!

መርዕድ፦ ወርውሪና በዚህ ዘንግ አናትሽን ካልፈጠፈጥኩት! ወንድምሽ እንኳ እንዲህ አልደፈረኝም።

ትርሲት፦ ወንድሜን አያንሱ።

መርዕድ፦ ለምን አላነሳም? ናሁሠናይ ሲሞት ሬሳውን ይዤላችሁ የመጣሁት እኔ አይደለሁም? የእሱን ሥራ ለአንቺ ያሰጠሁሽስ?

ትርሲት፦ ስንት ቁርጥ እንዳለበት ያውቃሉ?

መርዕድ፦ ማን?

ትርሲት፦ ግልገሉ። አራት ነው። ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ በመካከላቸው አራት አራት ጣት።

መርዕድ፦ እና ምን ይጠበስ?

ትርሲት፦ ናሁሠናይን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቴ አልቻለችም፣ ብቻዬን ነው ያጠብኩት። ከትከሻው እስከ ወገቡ አራት ቁርጥ። በእያንዳንዱ መካከል መዳፌ ልክክ ይል ነበር።

መርዕድ፦ ሻርክ ነው። መስቀል ጨብጬ ማልኩላችሁ እኮ!

ትርሲት፦ ሻርክ ቦጭቆ ነው የሚሄደው፣ እየለካ አይተለትልም! የሞተርህ ስለት ነው፣ አንተ ነህ!

መርዕድ፦ አንተ? እኔን አንተ አልሽኝ? እንኪ!

ትርሲት፦ ምታ! ድገመኝ! ደሜን ጠርጌ እጠይቅሃለሁ። አንተ ነህ ወይ?

መርዕድ፦ እንኪ ደግሞ! ይሄ አፍሽን ይዘጋልሻል!

ትርሲት፦ ጥርሴን አወለቅከው። እሺ። ና ቅረብ እንግዲህ። ቅረብ!

መርዕድ፦ የእርሳሱን ቀበቶ አስቀምጪ። ትርሲት፣ የመጥለቂያ ቀበቶ ነው፣ ስድስት ኪሎ ነው፣ ሰው ይገድላል። አስቀምጪ ስልሽ...

ትርሲት፦ ይኸውልህ!

መርዕድ፦ ወይኔ ጉልበቴን! ሰበረችው! አትግፊኝ፣ ጠርዝ ላይ ነኝ! ዘንጌን...

ትርሲት፦ ዘንጉ እዚሁ ይቀራል። አንተ ግባ!

መርዕድ፦ ትርሲት! እጅሽን! መዋኘት አልችልም!

ትርሲት፦ ሃያ ዓመት ባሕር ኃይል አገልግያለሁ ስትል አልነበር?

መርዕድ፦ ሞተር ክፍል ነው የሠራሁት! ሰምጬ ልሞት ነው፣ በወላዲቷ!

ትርሲት፦ መሰላሉ ከኋላህ ነው፣ ያዘው። ያዝከው? አሁን ወደ ታች ተመልከት። እግርህ አጠገብ ያለው ምንድን ነው?

መርዕድ፦ የሞተሩ ስለት፣ ፕሮፔለሩ።

ትርሲት፦ ቁልፉስ የት ነው?

መርዕድ፦ ሰክተሽዋል። አታዙሪው! ልጆች አሉኝ!

ትርሲት፦ እናቴም ልጅ ነበራት። ተናገር።

መርዕድ፦ ያን ቀንም ዶልፊኖቹ ራቁ። እሱም ውሃ ውስጥ ሆኖ እንዳንቺው ሞተር አታስነሳ አለኝ። እልህ ያዘኝና አስነሳሁት። ከሥር ጓ ሲል ሰማሁ። ዶልፊን መሰለኝ።

ትርሲት፦ ከዚያስ?

መርዕድ፦ ዞር ስል እዚህ ነበር። አሁን እኔ የያዝኩትን መሰላል ይዞ።

ትርሲት፦ በሕይወት?

መርዕድ፦ ትከሻው ብቻ ነበር የተቆረጠው። ጋሼ አውጣኝ አለኝ።

ትርሲት፦ ወዲያው ሞተ ብለኸን! ምንም ሳይሰማው ሄደ ብለህ አጽናንተኸን!

መርዕድ፦ ፈራሁ። እንግዶቹ ወደ ጀልባው እየዋኙ ነበር። ደሙን ሳያዩ ትንሽ ፈቀቅ ልበል ብዬ እንደገና አስነሳሁት። የኋላ ማርሽ አስገብቼ።

ትርሲት፦ እጁ መሰላሉ ላይ እያለ?

መርዕድ፦ እያለ።

ትርሲት፦ እያየኸው?

መርዕድ፦ እያየሁት።

ትርሲት፦ አንጀቴን በጠስከው። መርዕድ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። ሕፃን ሆኜ በጀርባው አዝሎ ነው ያሳደገኝ። ያንን ጀርባ ነው የተለተልከው!

መርዕድ፦ እግርሽ ላይ ልውደቅ። አሳስሪኝ፣ እስር ቤት ልበስብስ፣ ሕይወቴን ብቻ ተይልኝ!

ትርሲት፦ ዘንጉን ያዝ።

መርዕድ፦ ምን?

ትርሲት፦ በዚያ ጉልበትህ መሰላል አትወጣም። ያዝ፣ ልሳብህ።

መርዕድ፦ ተመስገን! እግዜር ይስጥሽ የኔ እህት፣ ዕድሜ ይስጥሽ!

ትርሲት፦ አትመርቀኝ። ነገ ሙት ዓመቱ ነው። እናቴ ይኼኔ ወጥ እያቁላላች ነው። ልጄን ከአውሬ አፍ ነጥቆ ያመጣልኝ እሱ ነው፣ እሱ ሳይቀምስ ማንም አይቀምስም ብላ ከቄሶቹ ጎን ቦታ ይዛልሃለች። ዓመት ሙሉ ከልጇ ነፍስ ቀጥላ የምትጸልየው ለአንተ ነው። ከዚህ ቀጥታ እሷ ዘንድ ነው የምንሄደው። ጋሼ አውጣኝ ያለህንም፣ የኋላ ማርሹንም፣ ዓይኗን እያየህ ትነግራታለህ።

መርዕድ፦ ለእትዬ ዘውዲቱ?

ትርሲት፦ ለእሷ። ያዝ እንጂ ዘንጉን!

መርዕድ፦ አልይዝም። ትርሲት፣ ሞተሩን አስነሺው።