መሪጌታና የጎርጎራዋ ጀልባ

ከአራዳ ወደ አዘዞ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡት መሪጌታና ባለቤታቸው፣ ቤታቸውን በዋስትና አስይዘው የጀልባ ብድር ሊፈርሙ ወደ ባንክ እየሄዱ ነበር።

“አዲስ ናት፤ ጥላ ሳይቀር አላት። ጎርጎራ ላይ እንዲህ ያለች ሸጋ የመዝናኛ ጀልባ የለችም” አሉ መሪጌታ።

“ሸጋስ ትሁን። ሰው የሚዝናናው መቼ ነው?” አሉ ባለቤታቸው።

“እሑድ ነዋ! በዓል በዓሉን።”

“እሑድና በበዓል እርስዎ የት ነዎት?”

“ምነው፣ የት እሆናለሁ? ማኅሌት ነዋ።”

“ታዲያ ማን ይነዳታል?”

“ሰው እቀጥራለሁ።”

“በበዓል ሰው ሊያሠሩ? ጎረቤታችን በሚካኤል ዕለት እንጨት ቢፈልጥ፣ ንስሐ ይግባ ያሉት ማን ነበሩ?”

“እሱ እንጨት ነው። ይህ እኮ መዝናናት ነው!”

“ለተሳፋሪው! ለሚነዳው ሥራ ነው።”



“እንግዲያው በሥራ ቀን ትሠራለቻ።”

“በሥራ ቀን ማን ይሳፈርባታል? ዓሣው?”

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

“አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። በዓሉን ታርፋለች፤ አለቀ።”

“እርሷስ ትረፍ። የባንኩ ወለድ በበዓል ያርፋል?”

መሪጌታ ወደ ሾፌሩ ጠጋ አሉ።

“ወራጅ አለ!” አሉ።

“ባንኩ ገና ነው እኮ!”

“አውቃለሁ። ቤታችን ግን ወደ ኋላ ነው።”

እኔ ለእሑድ ጎርጎራ በጀልባ ልዝናና የያዝኩትን ቀጠሮ አስቤ፣ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደረግሁ።