አሥራ ሰባትን ለአያ ዳኜ የተዉት የወይዘሮ የትነበርሽ ማንያዘዋል ዜና ሕይወት

ካህናት አባቶቻችን፣ የመንገዱን ነገር እያወቃችሁ ከአምባ ጊዮርጊስ ድረስ የመጣችሁ ወገኖች፣ የቁስቋም ጎረቤቶቻችን፤ እህታችን ወይዘሮ የትነበርሽ ማንያዘዋል ወደ አፈር ከመግባታቸው በፊት ሕይወታቸውን በጥቂቱ እንድናሰማችሁ ፍቀዱልን። በቀብር ላይ ደግ ደጉን ብቻ ማንበብ የተለመደ ነው፤ እሳቸው ግን በመጨረሻው ሰሞን ልጃቸውን ሶሊያናን ከአጠገባቸው አስቀምጠው፣ የዓመቱ ነገር እንዳይዘለል ብለው አደራ ስላሉ፣ ቤተሰቡ ቃላቸውን ጠብቆ እንዲህ አዘጋጅቶታል።

ወይዘሮ የትነበርሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ማንያዘዋል ሐብተ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሩፋኤል ምሕረቴ በኅዳር ወር 1952 ዓ.ም. እዚሁ ቁስቋም፣ ከቤተ መንግሥቱ ፍራሽ በታች ባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የወገራ ገበሬ ልጅ ሆነው ለትምህርት ወደ ጎንደር የመጡ፣ ኋላም የባሕረ ሐሳብ መምህር የሆኑ ሰው ሲሆኑ፣ በየዓመቱ የጾሙንና የበዓሉን መግቢያ ሲያወጡ ዓመተ ፍዳውን ከዓመተ ምሕረቱ ደምረው፣ ከዓለም ዕድሜ አንዲት ዓመት ሳይቆርጡ ነበር የሚነሡት። የትነበርሽም ከተማሪዎቹ ጀርባ ተቀምጠው ይህን ሲሰሙ በማደጋቸው፣ ፊደል ሳይለዩ የበዓል ማውጫውን ስሌት፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ያወጣሉ እየተባለ በሰፈሩ ይወራ ነበር፤ ወሬው ትንሽ ሳይጋነን አልቀረም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን ካጠናቀቁ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደው የሒሳብ አያያዝ ተምረው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ቁም ሣጥን የሚያህል ኮምፒውተር እዚያ በገባ ጊዜም ሥራውን እንዲማሩ ከተመረጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ሆኑ። በ1982 ዓ.ም. የጂኦግራፊ መምህር ከነበሩት ከአቶ አዳነ ተገኝ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጽመው ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመለሱ፤ ልጆቻቸውን ሶሊያናንና ምስጋናውንም እዚሁ ወልደው አሳደጉ። ኋላም የወገራና የአካባቢው ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ በሚያገኝበት የገበሬዎች ዩኒየን ገብተው የኮምፒውተር ክፍሉን ያዙ። ክፍሉ ማለት እሳቸውና አንድ ማሽን ማለት ነበር።

እዚያ የጠበቃቸው ፕሮግራም ከቀድሞ መሥሪያ ቤት የተወረሰ፣ የማሽን ውስጥ ቦታ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የተጻፈ በመሆኑ፣ ዓመትን የሚይዘው በሁለት አኃዝ ብቻ ነበር፤ 1985 ለእሱ 85 ነበረች። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሲቃረብ አገሩ ሁሉ ለሚሊኒየሙ በዓል ሽር ጉድ ሲል፣ እህታችን ግን ማሽኑ 00 የምትለዋን 1900 ብሎ አንብቦ የገበሬውን ስም እንዳያተራምሰው ተጨንቀው ሰነበቱ። መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው የእያንዳንዱን አባል መረጃ ከፍቶ ዓመቱን ሁሉ በአራት አኃዝ እንደገና መጻፍና ፕሮግራሙንም በዚያው ልክ ማስፋት ሲሆን፣ ይህ ለዘለቄታው የሚያስተማምን ሆኖ ሳለ ዘር በሚከፋፈልበት ክረምት ቢሮውን ያስዘጋል። ሁለተኛው ሁለቱን አኃዝ እንዳሉ ትቶ ለማሽኑ አንድ ድንበር ማስተማር ነው፤ ከድንበሩ በታች ያለው ዓመት የሁለት ሺዎቹ፣ ድንበሩና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ የአሮጌው ምእተ ዓመት እንዲሆን። እህታችን የአባታቸውን ልማድ እያሰቡ ለመጀመሪያው ብዙ ከተከራከሩ በኋላ፣ ገበሬው ያለ ዘር እንዳይከርም ብለው ለሁለተኛው እሺ አሉ። ባለቤታቸው አቶ አዳነ ይህን ሲሰሙ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋቸው እንደ ነበር እሳቸው ራሳቸው ያነሡ ነበር።

ድንበሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጥገናው ብዙ ዘመን ይቆያል። ነገር ግን ያው ድንበር የአባላቱንም የልደት ዓመት ይዳኝ ስለ ነበር፣ ከአንጋፋው አባል የልደት ዓመት መብለጥ አይችልም፤ ከበለጠ ማሽኑ ያን ሰው ገና በሁለት ሺዎቹ የሚወለድ ያደርገዋል። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ የሚኖሩ አያ ዳኜ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ በ1917 የተወለዱ ሲሆን፣ ከእሳቸው የሚቀጥሉት አባል በ28 የተወለዱ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ፣ ለአንድ ሽማግሌ ሲባል አሥራ አንድ ዓመት አይጣልም፣ እሳቸውን ከማሽኑ አውጥተን ድንበሩን 28 ላይ እናቁመው አሉ። ይህን የሰሙት አያ ዳኜ ምርኩዛቸውን ይዘው ቢሮው ድረስ መጡና፣ «ምነው ልጄ፣ ገና አልተወለደም ልትሉኝ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን ያረሰው ማን ኖሯል?» ብለው ጠየቁ። ለልደት ዓመት ብቻ ሌላ ድንበር ማበጀት ይቻል እንደ ነበር እህታችን አልሳቱትም፤ ያንን ለመሞከር ግን ጊዜ ስላልነበረ፣ ከክረምቱ በኋላ ሁሉም በአራት አኃዝ እንዲሠራ ቃል አስገብተው፣ ድንበሩን ለሽማግሌው ሲሉ አሥራ ሰባት ላይ አቆሙት።

ክረምቱ አለፈ፤ ቃሉም አብሮ አለፈ። ሥራ አስኪያጅ በሥራ አስኪያጅ ሲተካ አንዱ ለከርሞ አለ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ አዲስ ፕሮግራም ይመጣል አለ፣ አንዱም የሚሠራን ነገር ምን ያስነካናል ብሎ ሳቀ። አያ ዳኜ እስኪያርፉ ድረስ በስማቸው ዘር ሲወስዱ ኖረው በ2003 ዓ.ም. አረፉ፤ ከዚያ ወዲያ ድንበሩን ወደ ላይ መግፋት የአንድ ረፋድ ሥራ ነበር። እህታችን ግን አልገፉትም። ድንበሩን ከገፋሁላቸው ዋናውን ጥገና ጨርሰው ይረሱታል፣ ቀኑ ሲደርስባቸው ግን ሳይወዱ በግድ ይሠሩታል ብለው አስበው ነበር። እንዳይዘለል ያሉት ይህን ነው።

በ2010 ባለቤታቸውን በሞት አጥተው፣ በ2012 በጡረታ ተሰናበቱ። ቀጥለው በመጡት፣ መንገዱም ኔትወርኩም ደግ ባልነበረባቸው ዓመታት፣ ይመጣል የተባለው ፕሮግራም ሳይመጣ ቀረ፤ የአሮጌውንም ጠባይ የሚያውቅ ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም። እህታችን የጉበት ሕመም ከያዛቸው በኋላም፣ በ2016 ጳጉሜን ላይ በሶሊያና ተደግፈው ቢሮው ሄደው፣ መስከረም ሳይጠባ ድንበሩን ብቻ እንኳ ልግፋላችሁ ብለው ለመኑ። መመሪያው ጡረተኛ ማሽን እንዲነካ አይፈቅድም ተብለው፣ ሻይ ተጋብዘው ተመለሱ።

ልጃቸው ምስጋናው ከተማው ሥራ ቢነፍገው የአያቱን መሬት ሊያርስ አምባ ጊዮርጊስ ገብቶ፣ ሰርካለምን አግብቶ፣ በኅዳር 2017 የዩኒየኑ አባል ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። ማሽኑ በዚያ ዓመት የተመዘገቡትን ወጣቶች ሁሉ በ1917 እንደ ተመዘገቡ ቈጠራቸው፤ የዕለቱን ዓመት ከማሽኑ ሰዓት በሙሉ የሚወስደው ፕሮግራምም አባልነቱ ሰማንያ ዓመት ያለፈውን ሰው እንደ ሞተ አድርጎ ስሙን የሚዘጋ ነበር። በሰኔ ምስጋናው ዘር ሊቀበል ቢሄድ፣ የመጋዘኑ ሠራተኛ ራሱ እየደነገጠ፣ ስምህ ከሟቾች ጋር ነው ያለው ብሎ መለሰው። እናቱ ይህን እንደ ሰሙ ከአልጋ ተነሥተው ሄዱ፤ ያን ቀን መመሪያ ያነሣ ሰው አልነበረም። ድንበሩን ገፉት፣ አንድ ረፋድ ፈጀባቸው። ነገር ግን የቀረው ዘር ለሌላ ወረዳ ተጭኖ ሄዶ ነበር፤ የገብስ መዝሪያውም አለፈና የምስጋናው መሬት ጦሙን አደረ።

ምስጋናው እናቱን አልወቀሰም፤ እሳቸው ግን ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር ይሉ ነበር። በሐምሌ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወረደ፤ በነሐሴ አንድ ጊዜ ደውሎ፣ «ሸጋ ነኝ እማዬ፣ ለመስቀል እመጣለሁ» አለ። ከዚያ ድንበር መሻገሩን ጓደኞቹ ተናገሩ እንጂ ድምፁን የሰማ የለም፤ መስቀልም ሳይመጣ አለፈ፣ በጥቅምት ሰርካለም ልጁን ሃናን ወለደችለት። ወይዘሮ የትነበርሽን ሊያጽናኑ የመጡ ሁሉ፣ ለሽማግሌው ብለው ያደረጉት ነው፣ ክፋት የለበትም እያሉ ይናገሯቸው ነበር፤ ነገር ግን ተጽናንተው ሞቱ ብለን በሐሰት አናነብም።

ወይዘሮ የትነበርሽ ወገራ ገብሱን በሚወቃበት ሰሞን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። በዩኒየኑ ዓመት ዛሬም የሚጻፈው በሁለት አኃዝ ነው።

ከኋላቸው የቀሩት ልጃቸው ሶሊያና አዳነ፣ ምራታቸው ሰርካለም፣ የልጅ ልጃቸው ሃና ምስጋናው፣ ይህን የሚያነብላችሁም ወንድማቸው ዳኛው ማንያዘዋል ነን። ስለ ምስጋናው ቤተሰቡ ብዙ ተቸግሯል፤ ለቅሶ ይቀመጥለት የሚሉም ነበሩ። እናቱ ግን፣ ማሽኑ አንድ ጊዜ በሕይወት ሳለ ከሙታን ቈጥሮታል፣ እናንተ አትድገሙት፣ ስሙ በእኔ ቀብር ከቋሚዎች ጋር ይነበብ ብለው ነበር። ስለዚህ ከኋላቸው ከቀሩት ጋር እናነበዋለን፤ ልጃቸው ምስጋናው አዳነ።

ዘመናትን ሁሉ ሳይቈርጥ የሚያውቅ አምላክ የአገልጋዩን፣ በክርስትና ስማቸው የአመተ ማርያምን፣ ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን፤ የምስጋናውን ነገር እሱ ያውቃል።