አሥራ ስምንት ቁጥር አሜን አሉ

«ወደዚህ ተቀመጪ እህቴ፤ ያኛው ወንበር አንድ እግሩ ላልቷል። አናጢ ነኝና ሳላይ አልቀመጥም… ሙቀቱስ? መስኮቱም ከተቸነከረ ቆይቷል መሰለኝ።»

ሽማግሌው አናጢ ዝምተኛ ነው። ዛሬ ግን በካንሰር ሐኪም ቤቱ ተራ መጠበቂያ ውስጥ ከማያውቃት ሴት ጋር ወሬ ጀመረ። ቅድም ነርሷ «አሥራ ስምንት ቁጥር!» ብላ ስትጣራ፣ ከሴትየዋ ወዲያ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ የተቀመጠ ሰው «አሜን!» ብሎ ነበር። ልማድ ሆኖበት ነው። ነርሷ ሳቀችና «መምጣትዎን ላረጋግጥ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁ» ብላ ተመለሰች። አናጢው አልሳቀም። ያቺን አሜን በየሳምንቱ በራዲዮ ሲሰማት ሰባት ዓመቱ ነው።

«እኔ እንኳ ደህና ነኝ። ሚስቴ ናት። ጡቷ ላይ እብጠት አለ፤ ቀጠሮዋን ሁለቴ አሳለፈችው። ሦስተኛውን እንዲይዙልኝ ልለምን መጣሁ… ለምን ቀረች? በራዲዮ የሚያስተምሩ አንድ ታላቅ መምህር አሉ፣ እሳቸውን ትሰማለቻ! ‹መድኃኒት የሚውጥ እምነቱን ይተፋል› ብለዋል። አቤት አነጋገር! እንዲህ ያለ ቃል ለሌላ ለማን ይመጣል?

«ልጃችንም እሳቸውን ሰምታ ነው ክኒኗን የተወችው። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር… ሣጥኗን እኔው ሠራሁት። መምህሩ ለቀብር መጥተው አይተውት ‹እጅዎ ይባረክ› አሉኝ። ሙያ ያውቃሉ!

«ደግሞ ትሕትናቸው! መድረክ ላይ ስንቱ እግራቸው ሥር ይወድቃል፤ ሌላ ቦታ ግን በጓሮ በር ገብተው፣ እንደ ማንም ጥግ ይዘው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቀኝ እጃቸው ሲባርክ፣ ግራ እጃቸው መርፌ መቀበሉን አያውቅም…»

ባለኮፍያው እጅጌውን ሳብ አድርጎ በግራ እጁ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ሸፈነ።

«ሰው ሚስትህን ምከራት ይለኛል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? መካሪውንስ መከራ ሲመክረው ምን ይባላል?… አየሽ፣ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ ነበር የጥንቶቹ። እዚህ ቤት አልመጡማ! እዚህ ሁለቱም ይታወቃል።»

ሴትየዋ መሬት መሬት አየች። ባለኮፍያው ኮፍያውን ይበልጥ ወደ ታች ሳበው።

«ሚስቴ የኔን ቃል አትሰማም። አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ምን አዲስ ነገር እነግራታለሁ? መምህሩ ግን በራዲዮ ብቅ ብለው ‹እኔም› ቢሉ… ‹እኔም እታከማለሁ› እንኳ አላልኩም፤ ‹እኔም› ብቻ። በማግሥቱ እዚህ ወንበር ላይ ታገኚያት ነበር። ግን ያን ያህል ትልቅ ሰው ለአንዲት ባልቴት አፉን ያደክማል? ነውር አይሆንም?»

ነርሷ በሩን ከፈተች። ባለኮፍያው ግድግዳውን ይዞ ተነሣና፣ ማንንም ሳያይ በፊታቸው አለፈ። አናጢው እግሩን ሰብስቦ አሳለፈው፤ ዓይኑን ከሴትየዋ ላይ አላነሣም።

«እኔማ ሁልጊዜ እመርቃቸዋለሁ እህቴ። ቂም ምን ያደርጋል? ልጄ ያልዋጠችው ያ መድኃኒት ለሳቸው ፈውስ ይሁንላቸው። ሳትኖረው የቀረችውን ዕድሜ ለሳቸው ይጨምርላቸው። ሚስቴም ከቀረች… የእሷንም ይመርቅላቸው።»