ፍላሹ ላይ የተተከለው ቦኖ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ የቢሮ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎልማሳ ያናግራሉ።

«ለምን ገመገሙህ?»

«ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ኃላፊው ‹በዚህ ዊንዶውስ ጫንበት› ብሎ ፍላሹን ሰጠኝ። ‹የዊንዶውስ መጫኛ እንዲሆን ቡተብል ሳደርገው ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል› ብዬው ነበር። ‹ሥራህን ሥራ› አለኝ።»

«ምን ጠፋ?»

«የዓመቱ ሪፖርት ነዋ፣ ጋሼ። ‹ልማት አጠፋህ፤ ሂስህን ዋጥ› አሉኝ።»

«የምን ልማት?»

«በየቀበሌው የተተከለ የውኃ ቦኖ።»

«ቦኖውን ፍላሽ ላይ ነው እንዴ የተከሉት?»

«ሌላ የት አይተውት ያውቃሉ?»

«ታዲያ አሁን ምን ይሻላቸዋል?»

«ምን ቸገራቸው! ቁጭ ብለው እንደገና ተከሉት፤ እንዲያውም ጨምረውበታል።»

እኔ በእግሮቼ መሀል የያዝኩትን ባዶ ጀሪካን ወደ ራሴ ሳብ አደረግሁት።